ርካሽ ግን እውነተኛ፦ ለሥራ ቦታ ሙዚቃ የሚሆን ስፒከር አመራረጥ

መግቢያ

በእኛ የትምህርት ክፍል የሚማር ሰው ገና የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ በዘመድ አዝማድ ዘንድ "ባለሙያ" ተብሎ ይመዘገባል። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ይጠራል፣ ሬዲዮ ሲንጫጫ ይጠራል፣ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ "ና አብረን እንሂድ፣ አንተ ታውቃለህ" ይባላል። እኔን በቅርብ ጊዜ ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ "ለሥራ ቦታችን ሙዚቃ የምንሰማበት፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ጥሩ ስፒከር የትኛው ነው?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ስለ ዋት፣ ስለ ዴሲቤልና ስለ ርቀት የተማርነውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚፈትን ነው። ይህ ጽሑፍም ያንን ትምህርት ወደ ሱቅ ይዞ ለመሄድ ይሞክራል። ላስረዳው የምፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ለሥራ ቦታ የሚሆን ስፒከር የሚመረጠው ብዙ ስለሚጮኽ አይደለም። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ሳይጎዳ፣ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሰው መድረስ ስለሚችል ነው። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ማሰብ ግን ያስፈልጋል።

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ብዙ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር አንባቢው እጅ ሲደርስ ሊያሳስት ይችላል። ይልቅ በየትኛውም ዋጋ የሚሠራውን መለኪያ ላሳይ።

1. ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር ስንል

ስፒከር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በውስጡ አምፕሊፋየር የሌለው፣ ከውጭ በሽቦ የሚቀጠል ነው። ሁለተኛው አምፕሊፋየሩ ሳጥኑ ውስጥ የተገጠመለት፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስልክ ወይም ሬዲዮ ሲገናኘው ወዲያው የሚሠራ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ዛሬም የምንጠቀምበትን፣ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ያለውን ስፒከር በጽሑፍ ያቀረቡት በ1925 እ.ኤ.አ. ነበር። በማግስቱ ዓመት ራዲዮላ 104 የተባለው ስፒከር 1 ዋት ያህል የሚሰጥ አምፕሊፋየር በሆዱ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ልብ በሉ፣ 1 ዋት! ያኔ ሳሎን ሙሉ ሰው ሬዲዮ ያዳምጥበት ነበር። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

በትንሽ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ባለ አምፕሊፋየሩ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። አምራቹ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን አስቀድሞ ስላስማማቸው፣ የ4 ኦም ስፒከር ለ8 ኦም ከተሠራ አምፕሊፋየር ጋር ቀጥሎ ማቃጠል የለም። ጉዳቱም ይታወቅ፦ አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ ሁሉም ነገር ይቆማል። ስለዚህ ጠጋኝ ሊከፍተው የሚችል፣ በብሎን የተዘጋ ሳጥን በማጣበቂያ ከተዘጋው ይሻላል።

2. ቤቱን አስቀድሞ ማየት

ምሳሌ የማደርገው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለውን የአክስቴን የሀበሻ ቀሚስ ስፌት ቤት ነው። ክፍሉ ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ ነው፤ ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ያህል ይሆናል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰባት ሰዎች ይሠሩበታል። አምስቱ በአንዱ ግድግዳ በኩል በተደረደሩት የስፌት መኪኖች ላይ ናቸው፤ አንዷ ትተኩሳለች። አንድ ትልቅ እናት ደግሞ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የእጅ ሥራውን ይሠራሉ። እኚህን እናት ሁሉም "እትዬ" ይሏቸዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ትርፍ ሶኬት ያለው በሩ አጠገብ ብቻ ነው። እዚያ ሶኬት ሥር የምትሰፋው የሁሉም ታናሽ የሆነች፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

ገንዘቡ ከሠራተኞቹ መዋጮ የመጣ ነው፤ አክስቴ የጎደለውን ልትሞላ ቃል ገብታለች። ከሳምንት ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ብር ስለሆነ "ይሞከርና ካልሆነ ይጣላል" የሚባል ነገር የለም። አንዳንዶቹ መብራት የሚያበራውንና ጎማ ያለውን ትልቁን ሳጥን አይተውት ነበር። "እሱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል" አሉኝ። እኔም መልሼ የጠየቅኳቸው "አስፋልቱ ላይ የሚሰፋ አለ ወይ?" ብዬ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ሦስት ነገሮችን መመዝገብ ይገባል።

ሀ. ከስፒከሩ በጣም የሚቀርበውና በጣም የሚርቀው ሰው ስንት ስንት ሜትር ላይ ነው?

ለ. ሥራው ራሱ ምን ያህል ይጮኻል? በስፌት ቤት መኪናው አለ። በተጨማሪም ሰፊ ሰው ብዙ ነገር የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ መርፌ ሲሰበር፣ ክር ሲወጠር፣ መኪናው ዘይት ሲያንሰው መጀመሪያ የሚናገረው ድምፁ ነው። ሙዚቃው ያንን መሸፈን የለበትም።

ሐ. ጣሪያና ግድግዳው ምንድን ነው? ብሎኬትና ሲሚንቶ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቤዝ ሲበዛበት ራሱ ይንቀጠቀጣል። የተሰቀለ ጨርቅ በተቃራኒው ቀጭኑን ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቤት ከቤዙ ይልቅ የመካከለኛውና የቀጭኑ ድምፅ ጥራት ይበልጣል።

3. ርቀትና ጆሮ

እስቲ ወደ ስሌቱ እንግባ። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች 1 ዋት ሲሰጣቸው በ1 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል አካባቢ ያወጣሉ፤ ለስሌታችን ይህንኑ እንውሰድ። በክፍል እንደተማርነው ክፍት በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በቤት ውስጥ ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ ይህን ልዩነት ያጠበዋል፤ ግን አያጠፋውም።

አንድ ትልቅ ስፒከር በሩ አጠገብ፣ ከሶኬቱ ጎን ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ታናሿ ልጅ 1 ሜትር ላይ ናት፤ እትዬ 8 ሜትር ላይ ናቸው። በ1 ዋት ልጅቷ ጋ 85 ዴሲቤል ሲደርስ፣ እትዬ ጋ የሚደርሰው 67 ነው፤ ርቀቱ ሦስት ጊዜ እጥፍ ስለሆነ 18 ይቀንሳል። እትዬ በመኪናው ጫጫታ መካከል ለመስማት 73 ያስፈልጋቸዋል እንበል። 6 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ማለትም 4 ዋት መሆን አለበት። እትዬ 73 አገኙ። ልጅቷስ? 91 ዴሲቤል ደረሰባት።

91 ምን ማለት ነው? የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ሊቋቋመው ይገባል የተባለው ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት ብቻ። ልጅቷ ግን እዚያ የምትቀመጠው ቀኑን ሙሉ ነው። የመኪናዋ ጫጫታ ደግሞ ገና አልተደመረም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት የፀጉር ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ አያምም፣ አይደማም፤ ሰውየው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ "ምን አልክ?" ማለት ሲያበዛ ነው።

እንግዲህ አንድ ጆሮ ከበድ ያላት እናት ሙዚቃ እንድትሰማ ተብሎ የአንዲት ወጣት ጆሮ ሊከብድ ነው ማለት ነው። ማንም ይህን አስቦ አያደርገውም፤ ቮልዩሙን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ በማድረግ ግን ይደረጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ጥሎበታል። ሙዚቃ ደስታ ስለሆነ ከዚህ ውጪ አይሆንም።

አሁን ሌላውን መንገድ እንይ። ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ከመኪኖቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ከበሩ 2 ሜትር ገባ ብሎ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ 2 ሜትር ሲቀር ከፍ ተደርገው ተሰቀሉ እንበል። አሁን ቅርብ የሚባለው ሰው 2 ሜትር፣ ሩቅ የሚባለው 4 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። 4 ሜትር ላይ 73 ዴሲቤል ለማድረስ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ብቻ ነው። ቅርብ ያለው ሰው ጋ የሚደርሰው 79 ይሆናል፤ የሌላው ስፒከር ድምፅ ጥቂት ቢጨምርበትም ከ91 ጋር አይወዳደርም። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳት የ1926ቷ 1 ዋት እዚህ መጣች።

4. ታዲያ ስንት ዋት ይበቃል?

ሙዚቃ ወጥ ድምፅ አይደለም። ከበሮ ሲመታ ወይም ዘፋኙ ድምፁን ሲያነሳ ከአማካዩ 10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይዘላል። 10 ዴሲቤል ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ነው። ስለዚህ በአማካይ 1 ዋት የሚበቃው ስፒከር፣ ለዝላዩ 10 ዋት ሊኖረው ይገባል። ጥቂት መጠባበቂያ ስንጨምርበት ለእያንዳንዱ ጎን 20 እውነተኛ ዋት አገኘን ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ክፍል ከዚያ በላይ የሚከፈል ገንዘብ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ጫጫታ ነው።

"እውነተኛ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ዋት ሁለት ዓይነት ነው። አር ኤም ኤስ የሚባለው ስፒከሩ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ያመለክታል። ፒ ኤም ፒ ኦ የሚባለው ግን ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የሌለው፣ ለማስታወቂያ ተብሎ የሚተልቅ ቁጥር ነው። "5000 ዋት" የሚል ሳጥን ስታዩ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። "220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 30 ዋት" ልትል ትችላለች። ከሶኬት 30 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት ከየት ያመጣል? እውነት 5000 ቢሆንማ ኖሮ በ220 ቮልት ከ22 አምፔር በላይ መሳብ ነበረበት፤ የተለመደው የቤት ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። አንዳንድ አምራቾች በጀርባው ላይ የሚጽፉት አማካይ ፍጆታን ስለሆነ ትንሽ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ሠላሳና አምስት ሺህ ግን አይገናኙም።

ሁለተኛው የሚያሳስት ጽሑፍ "ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ" የሚለው ነው። ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማበት ክልል እንጂ የትንሽ ስፒከር ችሎታ አይደለም። ከአጠገቡ "ሲደመር ሲቀነስ 3 ዴሲቤል" የሚል ዓይነት ወሰን ከሌለ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም።

5. በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች

ለማስታወቂያ ሳይሆን ለማነጻጸር ያህል አምስቱን ዓይነቶች እንያቸው።

ሀ. ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኙ ትንንሾች። ለምሳሌ ክሪኤቲቭ ፔብል በጠቅላላ 4.4 ዋት አር ኤም ኤስ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚሠራበት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ በጣም በቂ ነው፤ ለስፌት ቤት ያንሳል።

ለ. ሁለት ትንንሽና አንድ የቤዝ ሳጥን ያላቸው። ሎጂቴክ ዜድ 313 በጠቅላላ 25 ዋት አር ኤም ኤስ ነው። ለኮምፒውተር ክፍል ይመቻል። በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ግን የቤዙ ሳጥን ወለል ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ሲያስጮኽ፣ የዘፋኙ ቃል በትንንሾቹ ውስጥ ይጠፋል።

ሐ. መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ጥንዶች። ኤዲፋየር አር 1280ቲ 42 ዋት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጎን 21 ዋት አር ኤም ኤስ ነው፤ 4 ኢንች ዉፈርና ለቀጭኑ ድምፅ ትዊተር አለው። ከላይ ካገኘነው ስሌት ጋር የሚገጥመው ይህ ዓይነት ነው። በሌላ ስም የሚሸጥ፣ ከዚህ የረከሰም ቢሆን ልኩ እንዲህ ከሆነ ይበቃል።

መ. ባትሪ ያላቸው ተንቀሳቃሾች። መብራት ሲጠፋ ይሠራሉ፤ የእግር መኪና ላለው ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ድክመታቸው ሁለት ነው፦ ድምፁ ከአንድ ቦታ ብቻ ይወጣል፣ ባትሪው ደግሞ በዓመታት ውስጥ ያረጃል።

ሠ. መብራትና ጎማ ያላቸው ትልልቅ ሳጥኖች። ለሠርግና ለግቢ ድግስ ተሠርተዋል። በ4 ሜትር ወርድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ከላይ ያየነውን የ91 ዴሲቤል ችግር ይዘው ይመጣሉ።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ምናለሽ ተራም አለ። እዚያ ሲኬድ ግን የሚከተለውን ፈተና ሙሉ በሙሉ ማካሄድ ግዴታ ነው።

6. ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰማን ራሱ የመረጠውን፣ ቤዝ የበዛበትን ዘፈን ነው። በትህትና "የራሴን ላሰማ" ማለት ነውር አይደለም። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ምንም ሳይከፈት ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎ ማዳመጥ። በእጅ ስንዝር ርቀት ትንሽ ሽውታ ቢሰማ ይታለፋል፤ ክንድ ያህል ርቀን ቆመን "ዝዝዝ" የሚል ከሰማን ግን ቀኑን ሙሉ አብሮን ሊውል ነው።

ሁለተኛ፣ ዜና ወይም ንግግር ማሰማት። ቃሉ ጥርት ብሎ ካልተሰማ ዘፈኑም ግጥሙ አይሰማም። ይህ ፈተና ከሁሉም ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ በደንብ የምናውቀውን፣ ክራር ወይም ማሲንቆ ያለበትን ዘፈን ማሰማት። የክራር ምት ተለይቶ ካልተሰማና እንደ ጎማ ከለሰለሰ ትዊተሩ ደካማ ነው።

አራተኛ፣ ቮልዩሙን በጣም ዝቅ ማድረግ። በርካሽ ማዞሪያ ላይ አንዱ ጎን ቀድሞ ይጠፋል። በሥራ ቦታ የምንሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሆነ ይህ ጉድለት በየቀኑ ያስቸግራል።

አምስተኛ፣ ቮልዩሙን ሦስት አራተኛ አድርሶ ሳጥኑን በእጅ መንካት። የሚንቀጫቀጭ ብሎን፣ የሚያፏጭ ቀዳዳ ካለ ያኔ ይታወቃል።

ስድስተኛ፣ ከተቻለ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጀርባውን መዳሰስ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜ አይኖራቸውም።

ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዱሮ ከባድ ትራንስፎርመር የጥሩ ዕቃ ምልክት ነበር፤ ዛሬ ክላስ ዲ አምፕሊፋየርና ቀላል ፓወር ሰፕላይ ያለው ዕቃ ቀልሎ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ግን አይታለፉ።

7. መስቀልና ማገናኘት

ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ከምርጫው አያንስም። አብዛኞቹ ጥንዶች አምፕሊፋየሩ ያለው በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ከእሱ በሽቦ ይቀጠላል። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ሽቦ አጭር ስለሆነ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና ጥቅሙ ይጠፋል። የሽቦው ጫፍ ልጥ ሆኖ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ በማንኛውም መብራት ዕቃ ሱቅ በሚገኝ ባለ ሁለት ዘር ሽቦ ማስረዘም ይቻላል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ምልልሱ 20 ሜትር ስለሆነ፣ ወደ 0.46 ኦም መቋቋም አለው። በ4 ኦም ስፒከር ላይ የሚያስቀንሰው 1 ዴሲቤል ያህል ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ ግማሽ ዴሲቤል ይወርዳል። ቀይና ጥቁሩን ማማታት ግን ቤዙን ያሳሳዋል፤ መጠንቀቅ ነው።

ሌላም አለ። በሥራ ቦታ ስቴሪዮ ብዙ አይጠቅምም። በግራ ስፒከር አጠገብ ያለው ሰው ከበሮውን ብቻ፣ በቀኝ ያለው ክራሩን ብቻ ሊሰማ ይችላል። በብዙ ስልኮች ውስጥ "ተደራሽነት" በሚለው ማስተካከያ ሥር ድምፁን ሞኖ የሚያደርግ ምርጫ ስላለ እሱን ማብራት ይበቃል።

"እምምም" የሚል ድምፅ ካለ የግብዓት ገመዱን ይንቀሉት። ከጠፋ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር ካለው የመሬት መስመር ነው፤ ካልጠፋ ከራሱ ከስፒከሩ ፓወር ሰፕላይ ነው። ይህን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው፤ በፍጹም አይደረግም። ካውያና ስፒከርም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ባይሰኩ ይመረጣል።

ብሉቱዝ ምቹ ነው፤ ባለስልኩ ሲደወልለት ግን ሙዚቃው ይቋረጣል፣ ስልኩን ይዞ ሲወጣም እንዲሁ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደበ አሮጌ ስልክ ወይም ሬዲዮ በገመድ ማገናኘት ይሻላል።

8. ሙዚቃውና ሰዎቹ

ሥራና ዘፈን በአገራችን አብረው የኖሩ ናቸው። በደቦ የሚያጭድ፣ አውድማ ላይ የሚወቃ ገበሬ ያለ ዘፈን አይሠራም። ልዩነቱ ያ ዘፈን ከሠሪው አፍ የሚወጣና ከእጁ ጋር የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ከስፒከር የሚመጣው ግን ለማንም እጅ አይጠብቅም። እንግሊዝ አገር ቢቢሲ ከሰኔ 1940 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካ ሠራተኞች ብሎ "በሥራ ላይ ሳላችሁ ሙዚቃ" የሚል ትርጉም ያለው ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። አዘጋጆቹ ድምፁ በድንገት ከፍና ዝቅ የሚል ሙዚቃ አይፈልጉም ነበር፤ ዝቅ ሲል በማሽኑ ጫጫታ ይዋጣልና። ሠራተኛውን በመሣሪያው እያስጨበጨበ ሥራ የሚያስፈታ ዜማም ይቀር ነበር። ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ሳይሆን በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሙዚቃ እረፍትም እንደሚያስፈልገው ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። በጾም ወቅት ዘፈን የማይሰማ አለ፤ መዝሙር ወይም መንዙማ የሚመርጥ አለ፤ ዝምታ የሚወድም አለ። ስለዚህ ከስፒከሩ በፊት ስምምነት ይገዛ። ጎረቤትም አይረሳ፤ በአገራችን የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ ለንግድ አካባቢ የተቀመጠው የቀን ወሰን 65 ዴሲቤል፣ ለመኖሪያ አካባቢ 55 ነው። በር ከፍቶ መንገድ ላይ ማስጮኽ ከዚህ ጋር አይሄድም።

የመጨረሻው መለኪያ መሣሪያ አይፈልግም። ክንድ ያህል ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መነጋገር ካልተቻለ ሙዚቃው በዝቷል ማለት ነው። አክስቴ ቤት ይህን የሞከርነው በየመቀመጫው እየዞርን ነው። ልኩን ስናገኝ በማዞሪያው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርን፤ ከዚያ እንዳያልፍ ሁሉም ተስማሙ። እትዬ መጀመሪያ "ትንሽ ነው" አሉ። ሁለተኛው ስፒከር ወደ እሳቸው ትንሽ ዞር ሲደረግላቸው ግን "ዜናውን ሰማሁት፣ በቃ ተዉት" አሉ። ታናሿ ልጅ ቦታዋን መቀየር አላስፈለጋትም።

ማጠቃለያ

በትንሽ ገንዘብ ለሥራ ቦታ ስፒከር ለሚገዛ ሰው ከላይ የተጻፈው ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። ከሱቅ በፊት ክፍሉን በሜትር ለኩ። አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ምረጡ። ለ35 ካሬ ሜትር ያህል ክፍል ለእያንዳንዱ ጎን 20 ዋት አር ኤም ኤስ ይበቃል፤ ፒ ኤም ፒ ኦን አትመኑ። በንግግርና በምታውቁት ዘፈን ፈትኑ። ለያይታችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ቮልዩሙን ከሁሉ በላይ ቅርብ በተቀመጠው ሰው ጆሮ ወስኑ።

ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በቤተ ሙከራችን ያለውን የኃይል መለኪያ ተጠቅመን ተማሪዎች ከየቤታቸው የሚያመጧቸውን ስፒከሮች ብንለካና ውጤቱን በዚህ መጽሔት ብናወጣ፣ መዋጮ ሰብስበው ሱቅ ለሚሄዱ ብዙ ሰዎች ይጠቅማል። እኛም "ባለሙያ" እየተባልን ስንጠራ የምናሳየው ነገር ይኖረናል።